ሁለተኛው ዳዶ

ጎማው የተገኘው ከመኪናው በፊት ነው።

አርብ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ ከሆሳዕና ወደ ሆመቾ በሚወስደው ቁልቁለት አጠገብ አንድ የሌሞ ገበሬ እንሰቱ መሀል ቆሞ ሳለ የመኪና ጎማ እየተንከባለለ መጣና ሁለት እንሰት ጥሎ ቆመ። ገበሬው መጀመሪያ የተናደደው ለእንሰቱ ነበር። ቀርቦ ሲያየው ግን ጎማ ብቻ አይደለም፤ ከነፍሬን ታምቡሩ፣ ከነረጅም ዘንጉ ከሥሩ ተነቅሎ የመጣ ነው። ሽቅብ ሮጦ መንገዱ ጋ ሲደርስ አንድ አሮጌ ፒክአፕ ከታች ወንዙ ዳር በጣሪያው ተገልብጧል። የጫነው ቆርቆሮ ሜዳው ላይ ተበትኖ ያብለጨልጫል። ሾፌሩ ነህምያ ትንፋሽ አልነበረውም።

ኢንስፔክተር አጵሎስ ቅዳሜ ጠዋት ቢሮ ሲገባ መዝገቡ ተከፍቶ፣ ተጠርጣሪው ታስሮ ጠበቀው።

አጵሎስ የአርባ ዘጠኝ ዓመት ሰው ነው። ምርመራን ኮሌጅ ገብቶ አልተማረም፤ ከተራ ፖሊስነት ተነስቶ፣ መጽሐፍ እየተዋሰ፣ ይበልጡን ደግሞ ዝም ብሎ ሰው እየሰማ ነው እዚህ የደረሰው። አለቃው ዋና ኢንስፔክተር ኤሊያስ በአሥራ አራት ዓመት ያንሰዋል። አሻራ ማንሳት ያስተማረው አጵሎስ ነበር። ከዚያ ኤሊያስ አዲስ አበባ ተምሮ መጣና ማዕረጉም ወንበሩም የእሱ ሆነ። አጵሎስ ይህን ነገር ለማንም አንስቶ አያውቅም። እሁድ እሁድ ብቻ፣ ጉባኤው ለጸሎት ዓይኑን ሲጨፍን፣ ለአምላኩ በስሙ ጠርቶ ይነግረዋል፤ ቅናት ነው ይለዋል።

ኤሊያስ ነገሩን በአጭሩ አስረዳው። ፒክአፑ ሠላሳ ዓመት ያለፈው ፎር ዊል ነው፤ ባለቤቱ የቆርቆሮ ነጋዴው አቶ አብዱራህማን ናቸው። የኋላ አክሰሉ ተሰብሮ ስለነበር መናኸሪያው አጠገብ ጋራዥ ያለው ዕንባቆም የሚባል መካኒክ ሙሉውን አውጥቶ ሌላ ገጥሞለታል። አርብ ረፋድ ሥራው አለቀ፤ ከምሳ በኋላ መኪናው ወጣ፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ የቀኝ የኋላ ጎማው ከነሥሩ ወለቀ። ጎማውን የሚይዙት ሁለት ትላልቅ ዳዶዎች መሆን ሲገባቸው የተገኘው አንድ ብቻ ነው።

“ሁለተኛውን ዳዶ ረስቶታል” አለ ኤሊያስ። “በቸልተኝነት ሰው መግደል። ጋሽ አጵሎስ፣ ማክሰኞ ለዓቃቤ ሕግ እልከዋለሁ፤ የቀረውን አሟልተው ይዝጉልኝ።”

አጵሎስ እሺ ብሎ ወጣ። ወደ ምስክሮቹ ግን አልሄደም፤ ጎማው ወደተቀመጠበት ጓሮ ሄደ።

ከጎማው እምብርት ውስጥ በግሪስ ተለውሰው ሁለት ነገሮች ወጡ። አንደኛው ውስጠኛው ዳዶ ነው። ሌላው በሁለቱ ዳዶዎች መካከል የምትገባ ስስ የብረት ቀለበት ናት። ቀለበቷ ዙሪያዋን ስምንት ትናንሽ ከንፈሮች አሏት። ውጨኛው ዳዶ ከጠበቀ በኋላ አንዷ ከንፈር ዳዶው ጎን ላይ ትታጠፋለች፤ ያኔ ዳዶው በመንገድ ብዛት ሊፈታ አይችልም። አጵሎስ ቀለበቷን በቤንዚን አጥቦ ፀሐይ ላይ ያዛት። ስምንቱም ከንፈሮች ቀጥ ያሉ ናቸው። በአንዷ ሥር ግን ፀጉር የምታህል ነጭ መስመር አለች፤ ከመስመሯ አጠገብም የመሮ ስለት የነከሳት ጭረት።

ብረት እንደ ወረቀት ነው፤ አንዴ ከታጠፈ እጥፋቱን አይረሳም። ከንፈሯ በደንብ ታጥፋ ነበር። ከዚያ አንድ ሰው በመሮ መልሶ አቀናት፤ ውጨኛውንም ዳዶ ፈቶ ወሰደው። ማንም ምንም አልረሳም።

ይህን ሲነግረው ኤሊያስ ብዙ አልተገረመም። ወንበሩ ላይ ተደግፎ ትንሽ አሰበና፣ እንዲያውም መዝገቡ ተቃና አለ። ዕንባቆም ምክንያት ነበረው። ሚስቱ ሐዳሳ ከእሱ በፊት ለነህምያ ታጭታ ነበር፤ ቤተሰብ ሳይስማማ ቀርቶ ነው ነገሩ የፈረሰው። ሐሙስ ዕለት ምሳ ይዛ ጋራዡ ስትመጣ ነህምያ ቆሞ ያጫውታታል፤ ዕንባቆም ደግሞ ከመኪናው ሥር ሆኖ፣ ሰው ሁሉ እየሰማ፣ “አንተ መንገድህን እይ፤ ወደዚህ ስታይ ገደል ትገባለህ” ብሎታል።

“እኔ ቸልተኝነት ነው ያልኩት። እርስዎ ግን ሆን ብሎ መግደል መሆኑን አገኙልኝ” አለ ኤሊያስ። “እግዚአብሔር ይስጥልኝ።”

አጵሎስ ኮሪደሩ ላይ ቆመ። ሊያስፈታው የፈለገው ሰው ላይ የእድሜ ልክ እስራት ጭኖበት ወጣ። ደግሞስ ለምን ነበር ሊያስፈታው የፈለገው? የኤሊያስ መዝገብ እንዲበላሽ? ጌታ ሆይ አለ በልቡ፣ ይህን ለይልኝ።

*

ዕንባቆም የእስር ክፍሉን ግድግዳ ተደግፎ ተቀምጧል። ሠላሳ ሁለት ዓመቱ ነው፤ ጣቶቹ የመካኒክ ናቸው፤ ጥቁረቱ ታጥቦ አይለቅም። አጵሎስ ቀናህ ወይ ሲለው አልካደም።

“ቀናሁ። አሁን ሞቶም እቀናበታለሁ። ታለቅስለታለች አይደል?” አለ። “ግን ኢንስፔክተር፣ እኔ በሰው ብቀና ሰውየውን ነው የምመታው። ጎማ ላይ አልቀናም።”

አሠራሩን ጠየቀው። ዕንባቆም እጁን እያንቀሳቀሰ አስረዳ። ከዲፈረንሻሉ ኃይል ወደ ጎማው የምታደርሰውን ዘንግ፣ ሰሚያስ የሚሏትን፣ ከማስገባቱ በፊት ሁለቱን ዳዶዎች በልካቸው በተሠራ ትልቅ ቁልፍ ነው ያጠበቀው። ቁልፉን ራሱ በያጅ ቤት አሠርቶታል። ከንፈሯን አጥፏል። ከአርብ ረፋድ ሙከራ በኋላ መኪናውን ከአጥሩ ውጭ አቁሞ ስድስት ሰዓት ላይ ምሳ ሄደ። ሐሙስ ማታስ? ቤቱ ነው ያደረው።

እዚህ ላይ ነበር ችግሩ። መዝገቡ ውስጥ ጋራዡ በር ላይ የተቀቀለ ድንች በዳጣ የሚሸጡት የወይዘሮ ገነቴ ቃል አለ። ኤሊያስ በእጁ ነው የጻፈው፦ “ሰውየው መኪናው ሥር አድሮ ነበር።” ሐዳሳ ባሏ ቤቱ እንዳደረ ምላ ተናግራለች፤ ግን የሚስት ቃል ነው። አጵሎስ ቤቷ ሄዶ ሲያናግራት ሻርፗን በጥርሷ ይዛ ነበር። ለማን እንደምታለቅስ ሰው ሁሉ እየጠየቃት መሆኑን ነገረችው። አንዱ ሞተ፣ አንዱ ታሰረ፣ ለሁለቱም እንዳታለቅስ ከለከሏት። ነገ ሆመቾ፣ የነህምያ ለቅሶ ቤት እንደምትሄድ ተናገረች፤ የፈለገ ያውራ።

*

ባለሙያ ያስፈልግ ነበር። በከተማው ስለ አሮጌ ፎር ዊል ከጋሽ ዋለ በላይ የሚያውቅ የለም ተባለ። ስልሳ ሁለት ዓመታቸው ነው። ከመናኸሪያው በስተጀርባ ያለው ባለ ቆርቆሮ ጋራዥ የእሳቸው ነው፤ ዕንባቆምንም ከሕፃንነቱ ጀምሮ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። አጵሎስን አግዳሚ ጠርገው አስቀመጡት፤ ስለ ልጁ መታሰር ራሳቸውን እየነቀነቁ አዘኑ። እጁ መልካም ነው አሉ፤ ችኩል ነው እንጂ። ቀለበቷን መነጽራቸውን አድርገው አዩዋትና መለሱለት። እጥፋቷ ምንም አያሳይም፤ እዚህ አገር ማን አዲስ ይገዛል፣ አንዷን ቀለበት አሥር ጊዜ እያቀናን ነው የምንጠቀምባት አሉት።

አርብ የት እንደዋሉ ሲጠይቃቸው አልከፋቸውም። የጎረቤት አጎት ሞቶ ሌሞ ለቅሶ ላይ ነበሩ፤ ከአራት ሰዓት እስከ አሥር ሰዓት። አጵሎስ ጠይቆ አጣራ፤ ድንኳን ውስጥ ብዙ ሰው አይቷቸዋል።

ቀጥሎ አቶ አብዱራህማን ጋ ሄደ። ከእሳቸውም ጋር የሚያጠራጥር ነገር ነበር፤ ነህምያ ሌላ ነጋዴ ጋ ሊገባ መሆኑን በዚያው ሳምንት ነግሯቸው ተቀያይመው ነበር። ሰውየው አልሸሸጉም። ስምንት ዓመት ልጄ ብዬ የያዝኩት ሾፌር ሰው ሲያማልለው ቢከፋኝ ምን ይገርማል አሉ። አርብ ግን ከጁምዓ በፊትም በኋላም ከቡታጅራ ከመጡ እንግዶች ጋር ነበሩ፤ እንግዶቹም መስጊዱም መሰከሩላቸው። አጵሎስ ሊወጣ ሲል ስለ ቀለበቷ ጠየቃቸው።

“አዲስ ናት እኮ፣ ሁሉም አዲስ” አሉ። “አክሰሉ አሮጌ ነው፤ ዳዶውን፣ ኩሽኔታውን፣ ቀለበቷን ግን ልጁ አሮጌ አልገጥምም ብሎኝ ከአዲስ አበባ ነው ያስመጣሁት። ፓኮው ሱቅ ውስጥ አለ፤ ና አሳይሃለሁ።”

አጵሎስ ቀለበቷን አውጥቶ ደግሞ አያት። አሥር ጊዜ የተሠራባት ቢሆን ከንፈሮቿ ሁሉ በተራ ይታጠፉ ነበር። መስመር ያለባት ግን አንዷ ብቻ ናት። ጋሽ ዋለ ይህን አላዩም ማለት ይከብዳል። ግን ደግሞ ሽማግሌ ናቸው፣ መነጽራቸውም አሮጌ ነው፣ ለቅሶ ላይም ነበሩ።

*

ሰኞ ጠዋት ወይዘሮ ገነቴ ጋ ሄዶ ድንች ገዛና አጠገባቸው ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ምንም አልጠየቀም። ሰዎች ሲመጡና ሲሄዱ ሰማ።

ገነቴ ስልሳዎቹን ያጋመሱ፣ አማርኛቸው በሀድይኛ የተቃኘ ሴት ናቸው። አንድ ተማሪ ወደ ዋቸሞ የሚሄደው ባጃጅ የት እንደሚቆም ሲጠይቃቸው፣ “ወደ ትልቁ ትምህርት ቤት ነው?” ብለው አሳዩት። አንዷ ሴት ዋጋው ስንት ነው ስትላቸው፣ “ልኩ አሥር ብር ነው” አሉ። ሌላዋ ዋጋ ቀንሺ ስትላቸውም ልኩ ይኸው ነው ብለው መለሱ። ሦስተኛዋም መጣች። ልኩ።

የአጵሎስ እጅ ድንቹ ላይ ቆመ። እናቱ ትዝ አሉት። የባላቸው አባት ስም በ“ሳ” ይጀምር ስለነበር እናቱ ላምን በሀድይኛ ስሟ ጠርተው አያውቁም፤ “የምትታለበዋ” ነበር የሚሏት። አገሩ ባሊሻ ይለዋል። ሴት አማቷን ታከብራለች፤ ስሙን ብቻ ሳይሆን ስሙ በሚጀምርበት ድምፅ የሚጀምርን ቃል ሁሉ ከአፏ ታርቃለች። የዛሬ ልጆች ትተውታል፤ የሀዲያና የከምባታ ትልልቅ ሴቶች ግን አማርኛ ሲናገሩም ምላሳቸው አይረሳውም።

“እማማ” አለ ቀስ ብሎ፣ “የባልሽ አባት ስም በ‘ዋ’ ነው የሚጀምረው?”

ገነቴ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፈኑ፤ ሳቃቸው መጣ። “አንተ የሰው ልጅ ነህ” አሉት። “የማን ልጅ ነህ?”

የማን ልጅ እንደሆነ ነገራቸው። ከዚያ ስለ አርብ ጠየቀ። መኪናው ሥር ማን ነበር?

“ለዚያ ለፖሊሱ ልጅ ነግሬዋለሁ እኮ። አደረ ነው አልኩት።”

“አደረ ማለት ሰው ነው?”

“ሰው ነው እንጂ። አደረ፣ ያ ሽማግሌው፣ የቆርቆሮው ጋራዥ። እናቱ ያወጣችለትን ስም እኔ አልጠራም፤ ሌላው በቀን ሲጠራው እኔ በሌሊት እጠራዋለሁ። ሰፈሩ ሁሉ ይስቅብኛል።” ዳጣውን እያማሰሉ ተቆጡ። “ሦስቴ ነው የነገርኩት። አደረ መኪናው ሥር ነበር፣ አደረ። እሱ ይጽፋል፣ ይጽፋል፣ ቀና ብሎ አያይም።”

ሰዓቱን ጠየቃቸው። ሐሙስ ማታ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ምሳ የሄደ ጊዜ ነው፣ አርብ፣ መስጊዱ ሲጣራ። ጋሽ ዋለ ረጅሙን ዘንግ ከቀኝ ጎማው መዝዘው፣ ተኝተው መሮ ይመቱ ነበር፤ ሲነሱም ሰላም ብለዋቸው ሄደዋል። መካኒክ መኪና ሥር ቢገኝ ምን ይገርማል?

ለቅሶ ድንኳን ውስጥ ሰው ሲገባ ይታያል። ሲወጣ ማንም አይቆጥረውም።

*

ጋሽ ዋለ ጋራዥ ግድግዳ ላይ ሽቦ ተወጥሮ የልዩ ልዩ መኪና ዳዶዎች እንደ ጨሌ ተሰክተዋል። ሁሉም ዝገው ጠቁረዋል። ከመጨረሻው አጠገብ ያለው አንድ ትልቅ ዳዶ ብቻ ነጭ ነው። ጠርዙ ላይ ሁለት ቦታ መሮ ነክሶታል፤ ትልቁ ቁልፍ የሌለው ሰው እንዲህ እየመታ ነው የሚፈታው።

አጵሎስ ከሽቦው አላወጣውም። በጣቱ ነካ አድርጎ ብቻ፣ “ጋሽ ዋለ፣ ይቺን ለምን አልጣሏትም?” አለ።

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ጠረጉ፤ እጃቸው ግን ንጹሕ ነበር።

“አዲስ ናት” አሉ። “አዲስ ዳዶ እንዴት ይጣላል?”

ከዚያ አግዳሚው ላይ ተቀመጡና ማንም ሳይጠይቃቸው ተናገሩ። የአብዱራህማንን መኪናዎች ሃያ ሁለት ዓመት የጠገኑት እሳቸው ናቸው። የዚህን አክሰል አይተው፣ ይህ አይሆንም፣ መኪናውን ሽጥ ብለዋቸው ነበር። ልጁ ሻሸመኔ ሄዶ ሙሉ አክሰል ፈልጎ አመጣና በአራት ቀን ገጠመው።

“አርብ ረፋድ ወደ ለቅሶው ልሄድ ስወጣ በደጄ እየሞከረ አለፈ። ቆሜ አዳመጥኩት። ትንሽ ቢያጉረመርም፣ ትንሽ ቢያፏጭ ደስ ባለኝ። ምንም ድምፅ የለውም።” ጨርቁን አጣጠፉ። “ለቅሶው ላይ ተቀምጬም እሱን ነው የምሰማው። ሰው ይጸልያል፣ እኔ ያንን ዝምታ እሰማለሁ።”

ነህምያን መግደል አስበው እንደሆነ ጠየቃቸው። ራሳቸውን ነቀነቁ። ነህምያን ምን አድርጎኝ አሉ። ጎማው መናኸሪያው አደባባይ ላይ፣ መኪናው እንደ ኤሊ በሚሄድበት፣ ሰው ሁሉ ባለበት ይወልቃል ብለው ነበር። ደላላውና ተሸካሚው ይስቁበታል፣ አብዱራህማን ይሰድበዋል፣ ከዚያ ሰው ወደ ድሮው ጋራዥ ይመለሳል። በቃ ይኸው ነበር።

“ታዲያ ለምን እዚያ አልወለቀም?”

“ውስጠኛውን እሱ ነዋ ያጠበቀው። እንደዚያ ልክ የገባ ዳዶ አይቼ አላውቅም። ያለ መቆለፊያው፣ ያለ ጓደኛው ያንን ሁሉ መንገድ ያዘ።” ሽማግሌው ቀና ብለው አዩት፤ ዓይናቸው ውስጥ እንባ ነበረ፣ ከእንባው ሥር ግን ሌላ ነገርም ነበረ። “እንዲህ ጥሩ ባይሠራው ኖሮ ነህምያ አይሞትም ነበር።”

አጵሎስ ወዲያው አልተነሳም። ሰውየው አሁንም ዕንባቆምን እየከሰሰ መሆኑን ሰማ። የሰማውም የቅናት ድምፅ ለጆሮው እንግዳ ስላልነበረ ነው።

*

ሪፖርቱን በልቡ ሦስት ጊዜ ጽፎታል። “የምስክሯ ቃል በዋና ኢንስፔክተር ኤሊያስ በስህተት በመመዝገቡ፣ ንጹሕ ሰው ለአራት ቀን…” ዓረፍተ ነገሩ ጣፈጠው። የመምሪያው አዛዥ ሲያነቡት ፊታቸው እንዴት እንደሚሆን እንኳ ታየው። ወረቀቱን አወጣ፣ ቀኑን ጻፈ፣ እስክሪብቶውን አስቀመጠና የአለቃውን በር አንኳኳ።

ኤሊያስ ነገሩን ሲሰማ የጻፈውን ቃል ሁለት ጊዜ አነበበው፤ “አድሮ” የምትለዋ ላይ ጣቱ ቆመ። ጆሮው ቀላ። ሪፖርቱ ላይ ስሙ ይገባ እንደሆነ ጠየቀ።

“ቃሏን ራስህ እንደገና ተቀበልና ያኛውን አርመው፤ የታረመ መሆኑንም ጻፍበት” አለ አጵሎስ። “ድንች ግዛ። መጀመሪያ ዝም ብለህ ተቀመጥ።”

ኤሊያስ ሄደ። ሲመለስ ቃሉ በሦስት ገጽ ተጽፎ ነበር፤ ዳጣም ሸሚዙ ላይ ነበረ። አጵሎስ ቀኑን ብቻ የጻፈበትን ወረቀት ቀደደው። ልቡ ግን ሙሉ በሙሉ አልቀለለውም፤ ያንን ለራሱ አልዋሸም።

ጋሽ ዋለ ታስረው፣ ማክሰኞ ጠዋት ዕንባቆም ሲፈታ መጀመሪያ የጠየቀው ሚስቱ የት እንዳለች ነው።

“ሆመቾ ናት። ለቅሶው ቤት” አለው አጵሎስ።

“ከመቼ ጀምሮ?”

“ከእሁድ።”

ዕንባቆም የጫማውን ክር ሲያስር ቆየ። ቀና ሲል እሱም ለቅሶ መድረስ እንደሚፈልግ ተናገረ፤ ጎማውን የገጠመው እሱ ነው፤ ካልሄደ ዕድሜ ልኩን የሸሸ ይባላል። ከሄደ ደግሞ ምን እንደሚያደርጉት አያውቅም። አጵሎስ ኮቱን ለበሰ። ከመናኸሪያው ሚኒባስ ይዘው ወረዱ። የወደቁት እንሰቶች ያሉበት ጋ ሲደርሱ ዕንባቆም በሌላው መስኮት አየ።

ድንኳኑ በር ላይ ሲቆሙ ንግግሩ ሁሉ ተቋረጠ። ወሬው ከእነሱ ቀድሞ ደርሷል፤ ግን ግማሹ አምኗል፣ ግማሹ አላመነም። ከሴቶቹ መሀል ሐዳሳ ዓይኗ አብጦ ተቀምጣለች። ባሏን አየችው፤ አልተነሳችም፤ እንባዋንም አልጠረገችም።

የነህምያ አባት ፊት ለፊት አግዳሚ ላይ ነበሩ። ዕንባቆምን ከእግሩ እስከ ራሱ አዩት።

“አንተ ነህ የሠራኸው?”

“እኔ ነኝ፣ አባባ።”

“ከሆሳዕና ሲወጣ ደውሎልኝ ነበር” አሉ ሽማግሌው። “‘አባዬ፣ መኪናዋ ድናለች፤ ዛሬ ቶሎ እደርሳለሁ’ አለኝ። ደስ ብሎት ነበር።”

በእጃቸው አግዳሚውን ተደግፈው ፈቀቅ አሉ። ከጎናቸው የአንድ ሰው ቦታ ተገኘ።

ዕንባቆም ሄዶ ተቀመጠ። ከዚያ ቦታ ሚስቱ ትታየዋለች። ለሌላው ሰው ስታለቅስ አንዴ አያትና አንገቱን ደፋ፤ ለቅሶዋን እስክትጨርስም ጠበቃት።